የሃይማኖት ነጻነትና የእኛ ኃላፊነት

(ለምእመናን፣ ለወጣት ማኅበራትና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ትምህርት)

መግቢያ

የሃይማኖት ነጻነት ሲነሣ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው የራሳችንን ነጻነት ነው። በቁጥር አነስተኛ የሆነ ማኅበረ ምእመናን እንዲህ ቢያስብ አያስደንቅም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በኢትዮጵያ የካቶሊካውያን ቁጥር ከጠቅላላው ሕዝብ አንድ በመቶ አልሞላም። በአማራ ክልል 82.5 በመቶው ሕዝብ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ 17.2 በመቶው ደግሞ የእስልምና ተከታይ ሆኖ ተመዝግቧል። በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የሚኖር ካቶሊካዊ እንግዲህ በሰፈሩ፣ በሥራ ቦታውና በዕድሩ በእምነት የሚመስለውን ሰው የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ «አንከልከል፣ አንገፋ» የሚለው ቃል ከአፋችን ባይለይ አይፈረድብንም።

ይሁን እንጂ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው የሃይማኖት ነጻነት ከዚህ ይሰፋል። ለራሳችን የምንጠይቀውን ሁሉ ለሌላው አስቀድመን እንድንሰጥ ያስገድደናል። ለምን አስቀድመን? በአንድ በኩል የወንጌሉ ሕግ ስለሆነ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ በዚህችው በጎጃም ምድር የካቶሊክ ስም የሰውን ኅሊና በግድ ለማጠፍ የዋለበት ዘመንም፣ ካቶሊካውያን ስለ ኅሊናቸው በሰንሰለት የታሰሩበት ዘመንም ስለነበረ ነው። ሁለቱንም ያየ ሕዝብ ስለ ነጻነት ሲናገር በአንድ ዐይን ብቻ ሊመለከት አይገባውም።

በዚህ ትምህርት በቅድሚያ የጌታችንን አካሄድ፣ ቀጥሎ የሀገራችንን ታሪክ፣ ከዚያም የሁለተኛውን የቫቲካን ጉባኤ ትምህርትና የሀገራችንን ሕግ እናያለን፤ በመጨረሻም ይህ ሁሉ በዕለት ኑሮአችን ምን እንደሚጠይቀን እንመረምራለን። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. የጌታችን አካሄድ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሥልጣን አስተምሯል፤ ነገር ግን ማንንም አስገድዶ አላስከተለም። ስለ ሕይወት እንጀራ ባስተማረ ጊዜ ብዙዎች ደቀ መዛሙርት ትተውት ሄዱ። እርሱም ትምህርቱን አላለዘበም፤ የሄዱትንም በኃይል አልመለሰም። ይልቁንም ወደ ዐሥራ ሁለቱ ዞሮ እነርሱም መሄድ ይፈልጉ እንደ ሆነ ጠየቃቸው (ዮሐ. 6፥66-67)። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ የሚሆነው በሩ በእርግጥ ክፍት ከነበረ ብቻ ነው።

የሰማርያ መንደር አልቀበልም ባለችው ጊዜ ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ እንዲወርድባት ፈለጉ። ጌታችን ግን እነርሱን ገሥጾ ወደ ሌላ መንደር አለፈ (ሉቃ. 9፥51-56)። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ተግሣጹ ያረፈው በማን ላይ እንደ ሆነ ነው። እንቢ ያሉት ሰማርያውያን አልተገሠጹም፤ የተገሠጹት ስለ ጌታቸው ክብር የቀኑት ሐዋርያት ናቸው።

ሦስተኛው የስንዴውና የእንክርዳዱ ምሳሌ ነው (ማቴ. 13፥24-30)። የአካባቢያችን ገበሬ ይህን ምሳሌ ሲሰማ መጀመሪያ ሳይገርመው አይቀርም። ማሳውን በወቅቱ ያላረመ ገበሬ በጎረቤቱ ዘንድ ሰነፍ ይባላልና። የምሳሌው ባለቤት ግን ስንፍናን አላስተማረም። እንክርዳድ ገና ቡቃያ ሳለ ከስንዴ ይመሳሰላል፤ ሥሩም ከስንዴው ሥር ጋር ይተሳሰራል። አራሚው ቢቸኩል የሚነቅለው ስንዴውን ነው። መለየቱ የመከሩ ጊዜና የባለቤቱ ሥራ እንጂ የአገልጋዮቹ ሥራ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ምሳሌ ሲተረጉም መናፍቃንን መግደል እንደማይገባ ያስተማረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አካሄድ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሁልጊዜ አልተጠበቀም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ዓመታት በሮማውያን ነገሥታት ሲሰደዱ የነበሩት ክርስቲያኖች እምነት በግድ እንደማይሆን አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። በ313 ነገሥታቱ ቈስጠንጢኖስና ሊቂንዮስ ለክርስቲያኖችም ለሌሎችም ነጻነትን ፈቀዱ። የመንግሥት ሥልጣን ከቤተ ክርስቲያን ጋር በተወዳጀ ጊዜ ግን ፈተናው መጣ። ታላቁ ሊቅ ቅዱስ አውግስጢኖስ እንኳ በሰሜን አፍሪካ ስለ ነበሩት ዶናቲስቶች ሲጽፍ፣ ከቀድሞ አሳቡ ተመልሶ በመንግሥት ኃይል የሚደረግን ግፊት ደግፏል። ለጊዜው ጠቃሚ የመሰለው አሳብ በኋለኞቹ ዘመናት ለከባድ በደል ምክንያት ሆነ።

2. በገዛ ምድራችን የሆነው

ሀ/ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን

ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳዊው ካህን በአባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ትምህርት ተስበው በ1622 የካቶሊክ እምነታቸውን በይፋ ገለጹ። አባ ጴጥሮስ የሀገሩን ቋንቋ ያጠና፣ በትዕግሥትና በውይይት የሚያምን ሰው ነበር። እርሱ በዚያው ዓመት ዐረፈ። በ1625 ወደ ሀገራችን የገባው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ጥምቀቱ እንዲደገም፣ ክህነቱ እንደ አዲስ እንዲሰጥ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ የጾሙና የበዓሉ ሥርዓትም እንዲለወጥ ጠየቀ። ከአባቶቹ የወረሰው ጥምቀትና ቅዳሴ ከንቱ እንደ ነበረ የተነገረው ሕዝብ ምን ያህል እንደ ቈሰለ ለመገመት አያዳግትም።

ጎጃም በዚህ ታሪክ ውስጥ ዳር ቆሞ ተመልካች አልነበረም። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የጎጃም ገዥ ሆኖ የአዲሱ ዐዋጅ ዋና ደጋፊ ነበር፤ ኢየሱሳውያኑም በጎጃም ውስጥ መኖሪያና ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው። ዐዋጁ በሰይፍ ስለ ተደገፈ ዐመፅ ዐመፅን ወለደ። ላስታ ሸፈተ። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል ቢያደርጉም በሜዳው ላይ ወድቀው የታዩት በሺህ የሚቈጠሩ ገበሬዎች የገዛ ሕዝባቸው ነበሩ። ዐፄ ሱስንዮስ በዚያው ዓመት ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ጥቂት ወራትም ሳይቆዩ ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ ግፉ አቅጣጫውን ለወጠ። ኢየሱሳውያን ተባረሩ፤ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ለእስር ተዳረገ፤ በ1638 ሁለቱ የካፑቺን መነኰሳት ብፁዓን አጋታንጄሎና ካስያኖ በጎንደር ተሰቀሉ። ሀገሪቱ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ለካቶሊክ መልእክተኞች ተዘጋች። በሰይፍ የተዘራው ዘር ያፈራው ይህን ነው። አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ በትዕግሥት የገነባውን የግድ ዐዋጅ በጥቂት ዓመታት አፈረሰው፤ በካቶሊክ ስም ላይ የወደቀውም ጥርጣሬ እስከ ልጅ ልጆቻችን ደርሷል።

ለ/ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በመርጡለ ማርያም አካባቢ በዲቦ የተወለዱ የጎጃም ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው አንድ ዐይናቸውን ቢያጡም ለትምህርት የነበራቸው ፍቅር ልዩ ነበር። ከመነኰሱ በኋላ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በሊቃውንቱ መካከል የነበረው ክርክር እውነቱ የት እንዳለ ለማወቅ ገዳማቱንና ጉባኤ ቤቶቹን እየዞሩ መረመሩ። በ1841 ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ተጓዙ፤ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ዴያቆቢስ ጋርም እስከ ሮም ደርሰው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛን አዩ። ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት ግን ወዲያው አልነበረም። ተጨማሪ ሦስት ዓመት አሰቡ፣ ጸለዩ፣ ተከራከሩ፤ በ1844 ወሰኑ። በ1851 ደግሞ በስልሳ ዓመታቸው ክህነትን ተቀበሉ።

የሀገሪቱን አንድነት በሃይማኖት አንድነት ለማጽናት ያሰቡት ደጃች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አባ ገብረ ሚካኤልን በእስርና በግርፋት ሊያስክዷቸው ሞከሩ። እርሳቸው ግን አልካዱም። ሽማግሌው መነኩሴ ሠራዊቱ በሄደበት ሁሉ በሰንሰለት እየተጎተቱ በ1855 ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያንም በ1926 ብፅዕናቸውን ዐወጀች።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው አንድ ታላቅ ነገር አለ። አባ ገብረ ሚካኤል እውነትን ያገኙት ማንም ሳያስገድዳቸው ፈልገው ነው፤ ያገኙትንም ማንም አስገድዶ ሊያስጥላቸው አልቻለም። እውነት የሚያዘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። በፍለጋ ያልተገኘ እምነት በዱላ ይመጣል፤ በዱላም ይሄዳል።

ሐ/ ቦሩ ሜዳ

ሀገረ ስብከታችን የባሕር ዳርንና የደሴን ስም አጣምሮ ይዟል፤ ስለዚህ የወሎም ታሪክ የእኛ ታሪክ ነው። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የኦርቶዶክስ ሊቃውንትን ክርክር በዐዋጅ ዘጉ፤ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዙ። መሐመድ ዓሊ የተባሉት የወሎ ገዥ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ብዙ ሕዝብ ግን ተሰደደ፣ ሸፈተ፣ ወይም ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ።

እንግዲህ ንጉሦቹ በእምነት ይለያዩ እንጂ ሁሉም በአንድ አሳብ ተመርተዋል፤ ሃይማኖት አንድ ካልሆነ ሀገር አንድ አይሆንም የሚል። ውጤቱ በየጊዜው የመሰከረው ተቃራኒውን ነው። ሀገር የከፋው ሰዎች በእምነት ስለ ተለያዩ ብቻ አልነበረም፤ ልዩነቱን በኃይል ለማጥፋት በተሞከረ ጊዜ ነው።

3. የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ትምህርት

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ጉዳይ የሰጠችው ትምህርት በጊዜ ብዛት እየጠራ መጥቷል። አባ ገብረ ሚካኤልን በሮም የተቀበሉት ጎርጎርዮስ 16ኛ በ1832 በጻፉት መልእክት የኅሊና ነጻነት የሚባለውን አሳብ አውግዘው ነበር፤ ብፁዕ ፒዮስ 9ኛም በ1864 ተመሳሳይ ውግዘት አውጥተዋል። በዚያ ዘመን በአውሮፓ «ነጻነት» የሚለው ቃል እግዚአብሔርንና ቤተ ክርስቲያንን ከሕዝብ ኑሮ ለማስወጣት የሚፈልጉ ሰዎች መፈክር ሆኖ ነበር። ርእሳነ ሊቃነ ጳጳሳቱ በተለይ ያወገዙት እውነትና ሐሰት ልዩነት የላቸውም የሚለውን አስተሳሰብ ነው። ነገር ግን ከዚያው ጋር፣ ስሕተት መብት ስለሌለው የተሳሳተውም ሰው መብት የለውም የሚል አነጋገር በብዙ መምህራን ዘንድ ተለምዶ ቆየ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አምባገነን መንግሥታት የሰውን ኅሊና በሙሉ ለመቈጣጠር ሲነሡ ጥያቄው በአዲስ መልክ ቀረበ። ዮሐንስ 23ኛ በ1963 ስለ ሰላም በጻፉት መልእክት ሰው እንደ ኅሊናው እግዚአብሔርን የማምለክ መብት እንዳለው አስተማሩ። በጉባኤው አሜሪካዊው ሊቅ አባ ጆን ኮርትኒ መሪ በጽሑፉ ዝግጅት ተካፈሉ፤ በኮሙኒስት አገዛዝ ሥር የነበሩት አባቶች፣ ከእነርሱም መካከል ኋላ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የሆኑት የክራኮው ሊቀ ጳጳስ ካሮል ቮይቲዋ፣ አስተዋጽኦ አደረጉ። ክርክሩ ከባድ ነበር፤ ጽሑፉም ብዙ ጊዜ ታርሟል። በመጨረሻ ታኅሣሥ 7 ቀን 1965 በ2308 ድጋፍና በ70 ተቃውሞ ጸደቀ። ይህ መግለጫ በላቲን መጠሪያው «ዲግኒታቲስ ሁማኔ» ይባላል፤ ትርጕሙም «የሰው ልጅ ክብር» ማለት ነው። ዋና ዋና አሳቦቹን እንደሚከተለው እናስቀምጣለን።

አንደኛ፣ የመብቱ መሠረት የሰው ልጅ ክብር ነው። መብት የሚኖረው አሳብ አይደለም፤ ሰው ነው። ሰው በእግዚአብሔር አምሳል፣ በአእምሮና በነጻ ፈቃድ ስለ ተፈጠረ በእምነት ጉዳይ ሊገደድ አይገባውም። ይህ መብት በቁጥር ብዛት አይጨምርም፤ በቁጥር ማነስም አይቀንስም። ከሁሉም የሚያስደንቀው፣ እውነትን የመፈለግ ግዴታውን ያልተወጣ ሰው እንኳ መብቱን አያጣም መባሉ ነው።

ሁለተኛ፣ መብቱ ሁለት ገጽ አለው። ማንም ከኅሊናው ውጭ እንዲሠራ አይገደድም፤ እንደ ኅሊናውም እንዳይሠራ አይከለከልም፤ ይህም በግልም ሆነ በማኅበር፣ በስውርም ሆነ በአደባባይ ነው።

ሦስተኛ፣ መብቱ ገደብ አለው። የሌላውን መብት፣ የሕዝብን ሰላምና ግብረ ገብነት የሚጎዳ ተግባር በሃይማኖት ስም ስለ ተደረገ ብቻ አይፈቀድም። ገደቡ ግን በፍትሕ ሕግ እንጂ በባለሥልጣን ደስታ የሚወሰን አይደለም።

አራተኛ፣ በታሪክ ምክንያት አንድ ሃይማኖት በአንድ ሀገር ልዩ ዕውቅና ቢኖረው እንኳ የሌሎቹ ዜጎችና ማኅበራት ነጻነት መጠበቅ አለበት።

አምስተኛ፣ እምነትን ማስፋፋት መብት ነው፤ ነገር ግን ማስገደድ ወይም ተገቢ ያልሆነ ማባበል የሚመስል ነገር ሁሉ፣ በተለይ በድኾችና ባልተማሩ ሰዎች ዘንድ፣ የተከለከለ ነው። ለምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት በ1990 የወጣውና የእኛም ቤተ ክርስቲያን የምትመራበት የቀኖና ሕግ በቍጥር 586 ይህንኑ አጽንቶታል። ማንንም ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲገባ ማስገደድ፣ ባልተገባ ዘዴ ማግባባትና መሸንገል በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ በአንጻሩም ማንም በግፍ ምክንያት ከመግባት እንዳይታገድ ምእመናን ሁሉ ሊጠነቀቁ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ነጻነትን መፍቀድ ሃይማኖቶች ሁሉ አንድ ናቸው ማለት ነውን? አይደለም። መግለጫው ራሱ እውነተኛው ሃይማኖት በካቶሊካዊትና ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን እንደሚገኝ መስክሮ፣ ሰው ሁሉ እውነትን የመፈለግና ያገኘውን የመያዝ ግዴታ እንዳለበት ያስተምራል። ነገር ግን ይህ ግዴታ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ያለበት ግዴታ ነው። ፖሊስ፣ ገንዘብ፣ የዘመድ ቁጣ ወይም የዕድር ቅጣት በእግዚአብሔርና በሰው ኅሊና መካከል ሊገቡ አይችሉም። እውነት የምታሸንፈው በራሷ ብርሃን ነው። ዱላ የሚያስፈልጋት የመሰለው ሰው የእውነትን ኃይል ተጠራጥሯል።

4. የሀገራችን ሕግ

በሀገራችን ሕግ ይህ መብት በየደረጃው ነው የመጣው። በ1944 የወጣው ስለ ሚሲዮኖች ሥራ የሚደነግገው ዐዋጅ ሀገሪቱን ሚሲዮኖች በነጻ የሚሰብኩባቸውና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢዎች ብሎ ከፈለ። በሁለተኞቹ አካባቢዎች ሚሲዮኖች በሕክምናና በትምህርት ሊያገለግሉ ይችሉ ነበር እንጂ የራሳቸውን እምነት እንዲያስፋፉ አይፈቀድላቸውም ነበር። የ1955ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የአምልኮ ነጻነትን ሲፈቅድ፣ በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት መሆኗን ደነገገ። በዚያው ዘመን በሕዝቡ አፍ የነበረው አባባል «ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚል ነው።

ይህ አባባል ብዙ ሰላም አስገኝቷል። ነገር ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማሟያ ያስፈልገዋል። ሃይማኖት ማንም በሌላው ላይ ስለማይጭነው የግል ነው፤ ሆኖም በቤት ውስጥ የሚደበቅ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው ማኅበራዊ ፍጡር ስለሆነ እምነቱም ቤተ ጸሎት፣ በዓል፣ ትምህርት ቤትና መቃብር ይፈልጋል። «በልብህ እመን፣ በአደባባይ ግን አትታይ» የሚል ነጻነት ግማሽ ነጻነት ነው።

በደርግ ዘመን የሃይማኖቶች እኩልነት ታወጀ፤ የእስልምና በዓላትም ብሔራዊ በዓላት ሆነው መከበር ጀመሩ፤ ይህም ለሙስሊም ወገኖቻችን ተገቢ ነበር። ነገር ግን እምነትን ሁሉ እንደ ኋላ ቀርነት የሚመለከተው ርእዮተ ዓለም እኩልነቱን በጭቆና እኩልነት ለወጠው። የደብረ ኤልያስ ተወላጅ የነበሩት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ እንዲሁም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ ሁለቱም በ1979 ያለ ፍርድ ተገደሉ። ሃይማኖትን በመጥላት የሚመጣ ግፍ ለሃይማኖት በመቅናት ከሚመጣው ግፍ እንደማያንስ ያ ዘመን አሳየን።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝና የመግለጽ፣ አማኞችም የሃይማኖት ትምህርትና የአስተዳደር ተቋማት የማቋቋም፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል፤ ማስገደድንም ይከለክላል። ይህ ድንጋጌ ከጉባኤው ትምህርት ጋር በብዙ ነጥብ ይስማማል። በ2015 የካቲት ሳይገባ፣ በጥር ወር፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከትን ያቋቋሙትና ብፁዕ አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ የመጀመሪያው ጳጳስ የሆኑት ይህ ነጻነት ባለበት ዘመን ነው።

ሆኖም ሕግ በወረቀት መጻፉ ብቻውን አያድንም። በ2003 ዓ.ም. በጅማ አካባቢ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በጅግጅጋ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፣ ካህናትም ተገደሉ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በጎጃም፣ በሞጣ ከተማ፣ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። ሕገ መንግሥቱ በእነዚህ ቀናት ሁሉ በሥራ ላይ ነበር። የጎደለው በጎረቤት ልብ ውስጥ ያለው ሕግ ነው።

5. በዕለት ኑሮአችን

ሀ/ በጎረቤት ላይ ግፍ ሲደርስ። የሌላው ቤተ ጸሎት ሲቃጠል ዝም ማለት «የእኛ አይደለም» ማለት ነው። የጉባኤው ትምህርት ግን የተነካው የሰው ክብር ነው ይለናል፤ የሰው ክብር ደግሞ የሁላችን ነው። ካቶሊካዊ ወሬን ሳያጣራ አያስተላልፍ፤ በቡና ላይ የሚነገረውን የጥላቻ ቃል በትሕትና ይመልስ፤ የተጎዳውንም ሄዶ ይጠይቅ። እሳት የሚለኮሰው በአንድ ቀን ቢሆንም እንጨቱ የሚለቀመው በብዙ ቀን ወሬ ነው።

ለ/ በመቃብርና በዕድር። በሀገራችን ልዩ ልዩ ቦታዎች ሃይማኖቱን የለወጠ ወይም በቁጥር ያነሰ ሰው ከሚደርስበት ፈተና ሁሉ የከፋው የመቃብር ቦታ መከልከል ነው። ሙት አይከራከርም፤ የሚቀጡት ሐዘንተኞቹ ናቸው። የሞተን መቅበር ከምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም በትምህርተ ክርስቶስ ተምረነዋል። ስለዚህ የዕድር አባል ወይም ዳኛ የሆነ ካቶሊካዊ፣ ሟቹ ሙስሊም ይሁን ፕሮቴስታንት፣ ድንኳኑና እንጀራው እንዳይከለከል፣ ቤተ ሰቡም እንደ ሥርዓቱ እንዲቀብር ድምፁን ያሰማ። ይህን ያላደረገ ሰው ነገ ለራሱ ሙት መሬት ሲለምን በምን አፉ ይናገራል?

ሐ/ በበጎ አድራጎት ሥራ። ትምህርት ቤቶቻችን፣ ክሊኒኮቻችንና የርዳታ ሥራዎቻችን ለተቸገረ ሁሉ ናቸው። እህል የሚቀበለውን ሰው ስለ ሃይማኖቱ መጠየቅ፣ ወይም ርዳታን ከጥምቀት ጋር ማያያዝ፣ በቀኖና የተከለከለ መሆኑን ከላይ አይተናል። የተራበ ሰው «እሺ» ሲል እምነቱ ይናገር ረኃቡ ይናገር ማን ያውቃል? እምነታችንን የሚጠይቀን ሲኖር ግን በደስታና በግልጽ እንመልስለት። ምስክርነት ያለ ማባበል ሲሰጥ ይበልጥ ይታመናል።

መ/ በቤተ ሰብ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። የካቶሊካዊ ቤተ ሰብ ልጅ ለትምህርት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሄዶ በሌላ እምነት ተስቦ ቢመለስ፣ ወይም የሚያገባት ልጅ ወላጆች «ሃይማኖትህን ካልለወጥህ» ብለውት ቢለውጥ፣ አባቱ ምን ያድርግ? ወላጅ ልጆቹን በእምነቱ የማሳደግ መብትም ግዴታም አለው። ማዘን፣ መምከር፣ መከራከር፣ ሌሊት ተነሥቶ መጸለይ ሁሉ የተገባ ነው። ነገር ግን ለአካለ መጠን የደረሰን ልጅ ከቤት ማባረር፣ መሬትና ውርስ መንፈግ፣ «ከሬሳዬ ላይ እንዳትቆም» ብሎ መርገም እምነትን አይመልስም፤ የአባትነትን በር ብቻ ይዘጋል። የጠፋው ልጅ አባት በሩን ክፍት ባይተው ኖሮ ልጁ ወዴት ይመለስ ነበር (ሉቃ. 15፥11-24)? ወደ እኛ ለመምጣት የሚፈልገውን ወጣትም በተመለከተ መምህራን አይቸኵሉ። አባ ገብረ ሚካኤል ሦስት ዓመት አስበዋልና፣ በአንድ ወር የሚወሰን ውሳኔ በእውነት ከእምነት የመነጨ መሆኑ በጥንቃቄ ይመርመር።

ማጠቃለያ

የሃይማኖት ነጻነት ለእኛ በመንግሥት ቸርነት ወይም በብዙኃን መልካም ፈቃድ የምናገኘው ነገር አይደለም፤ እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር አብሮ የሰጠው ክብር ነው። ስለዚህ ስንከለከል ያለ ፍርሃት እንጠይቀዋለን፤ ሌላው ሲከለከልም በተመሳሳይ ድፍረት እንቆምለታለን። የሱስንዮስ ዘመን አስገዳጅ መሆን ምን እንደሚያፈራ አስተምሮናል፤ የአባ ገብረ ሚካኤል ሰንሰለት ደግሞ ተገዳጅ መሆን ምን እንደሚመስል አሳይቶናል። ጎረቤቶቻችን ሁለተኛውን ስንናገር የሚያምኑን የመጀመሪያውን ሳንደብቅ ስንናገር ነው።

በብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎት እግዚአብሔር ለሀገራችን ሰላምን፣ ለእያንዳንዳችንም እውነትን በነጻነት የመያዝንና የሌላውን ነጻነት የማክበርን ጸጋ ይስጠን። አሜን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ጌታችን በዮሐ. 6፥66-67 እና በሉቃ. 9፥51-56 ያደረገውን አነጻጽሩ። ዛሬ ያዕቆብንና ዮሐንስን የምንመስለው መቼ ነው?

2. «መብት የሚኖረው አሳብ አይደለም፤ ሰው ነው» የሚለውን ለአንድ ጎረቤታችሁ እንዴት ታስረዱታላችሁ?

3. በዕድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ በሃይማኖት ምክንያት ሰውን የሚለይ ነገር አለ? ካለ እንዴት ሊታረም ይችላል?

4. በቤተ ሰባችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው አለ? ከእርሱ ጋር ያላችሁ ግንኙነት አሁን እንዴት ነው? በዚህ ሳምንት ልታደርጉለት የምትችሉት አንድ ነገር ምንድን ነው?